የብርጭቆ ጭላጭ

እኛ ቤት አንድ ሕግ አለ፤ ጨርቅ ባለበት ግማሽ ብርጭቆ አይቀመጥም። ጠጥተህ ከጨረስክ ታነሳለህ፤ ካልጨረስክም ይነሳብሃል። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ማንም እንዲያመሰግነኝ ብዬ አይደለም። የቡና ጠብታ ነጭ ሸሚዝ ላይ ካረፈች በሳሙናም በእርግማንም አትለቅም፤ ሁለቱንም ሞክሬያለሁ።

ልብስ ስፌት ቤት ነን። ከፊት ያለው ክፍል የሥራ ነው፤ ከኋላ ያለው መኖሪያችን፤ መሃሉን መጋረጃ ይለየዋል። ታናሽ ወንድሜ ለክቶ ይቆርጣል፣ ይሰፋል። እኔ ኮሌታና እጅጌ እገጥማለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ደንበኛ እቆጣለሁ። ካውያውን የሚገፋው እንፋሎት የምንለው ጎረምሳ ነው። ወንድሜ እታለም ይለኛል፤ ከእሱ የሰማ ሁሉ፣ ደንበኛው ሳይቀር፣ እታለም ነው የሚለኝ። ብርጭቆ የምታነሳው ደግሞ ቁንጫ ናት፣ የወንድሜ ልጅ።

ቁንጫ ያልናት ባለፈው ዓመት ነው። ከዚያ በፊት የእናቷን ቀሚስ ይዛ የምትውል፣ መኖሯ የማይታወቅ ልጅ ነበረች። እናቷ ታማ ታማ አረፈች፤ እኔም ጓዜን ጠቅልዬ ወንድሜ ቤት ገባሁ። ብዙም ሳይቆይ ልጅቷ ከወንበር ወንበር የምትዘል፣ እጇ የማያርፍ፣ አፏ የማይዘጋ ሆነች። "ልጅ አይደለች፣ ረሳችው" አልን። ደስ አለን እንጂ አልከፋንም። ከሦስታችን አንዷ እንኳ ድናለች ብለን ነው።

እኔና ወንድሜማ አልዳንንም። እኔ ለቅሶው ላይ እንኳ አላለቀስኩም። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል ስል ቀረ። እግር ብዙ ሲቀመጡበት ደንዝዞ ቢቆነጥጡትም እንደማይሰማው፣ እንደዚያ ሆኜ ከረምኩ። ያልደነዘዘው ቁጣዬ ብቻ ነው፤ እሱም ከልማድ። ወንድሜ ደግሞ ጭራሽ አፉን ዘጋ። ጠዋት ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ይገባል፣ የስፌት መኪናው ላይ ይቀመጣል፣ ሲመሽ ይነሳል። ብትጠይቀው "እ" ነው፤ ምግብ ብታቀርብለት "በቃኝ" ነው።

የሚስቀው ቁንጫ ስታስቀው ብቻ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ትወረውራለች፣ ብርጭቆውን ሁሉ ሰብስባ ከመጋረጃው ጀርባ ትገባለች፣ ትንሽ ቆይታ ትወጣና ትጀምራለች። አንድ ወፍራም ደንበኛ አለን፤ ሲለካ ሆዱን ውጦ ትንፋሹን ይይዛል፣ ልብሱ ሲደርስ ደግሞ "አጠበባችሁብኝ" ብሎ ይጣላናል። ቁንጫ እሱን ስትሆን ጉንጯን ነፍታ፣ ሆዷን ውጣ፣ ዓይኗን አፍጥጣ ነው፤ ጥርስ አታስከድንም። "እኔ አልወፈርኩም፣ ጨርቁ ነው የተሰበሰበው" የምትለዋን ሴትዮም ትሆናለች። ወንድሜ መኪናውን ያቆማል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ ድምፅ አውጥቶ ይስቃል። እኔና እንፋሎት ያን ሰዓት ስንጠብቅ ነበር የምንውለው።

ከዚያ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አስጠራችን። ወንድሜ "አንቺ ሂጂ" አለኝና ሄድኩ። ሴትዮዋ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን ታክቷታል።

"ጠዋት ጠዋት አትቀመጥም" አለችኝ። "ትነሳለች፣ ትለፈልፋለች፣ እግሯ ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጠዋል። ረፋዱ ላይ ደግሞ ደብተሯ ላይ ተደፍታ ትተኛለች። መምህሯ ሌሎቹን ማስተማር አልቻለችም። እስከ ተርሙ መጨረሻ ካልተስተካከለች ሌላ ትምህርት ቤት ብትፈልጉላት ነው የሚሻለው። እስከዚያ ሐኪም ያያት።"

ይህን ትምህርት ቤት እናቷ ናት ደጅ ጠንታ ያገኘችላት። ሕመሙ ከጀመራት በኋላ እንኳ፣ ግድግዳ እየተደገፈች፣ ዳይሬክተሯ በር ላይ ትቆም ነበር። ልጅቷ የተመዘገበች ቀን እናቷ ቤት ገብታ ቁጭ አለችና "አሁን ብሞትም ግድ የለኝም" አለች። እኛም የቀልድ መስሎን ተቆጣናት። እንግዲህ ከእሷ ልፋት የቀረን ይህ ነው፤ ልጅቷ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጧ። ይህንን አጣለሁ ብዬ ሳስብ መደንገጥ ነበረብኝ። አልደነገጥኩም። ቦርሳዬን አንስቼ ወደ ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምታወራው። የቁንጫን አንጓ ይዛ ሰዓቷን አየች፣ ደረቷን አዳመጠች፣ እጆቿን አስዘረጋቻት። ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ።

"ልቧ ይሮጣል" አለች። "እንቅልፍስ?"

"እንቅልፍ? እሷ? እኔ ነኝ ቀድሜ የምተኛው።"

"ምንድን ነው የምትጠጣው?"

"ልጅ ምን ይጠጣል? ወተት፣ ውኃ።"

"ቡና?"

ተቆጣሁ። "ዶክተር፣ ለልጅ ቡና የምንሰጥ ሰዎች እንመስላለን?"

"ቤት ውስጥ የሚጠጣ የለም?"

"የሥራ ቤት ነው፤ የሚጠጣማ ሞልቷል። ፔርሙዙ አይደርቅም። ካውያ የሚገፋልን ልጅ ደግሞ ያንን በጣሳ የሚሸጠውን፣ ኢነርጂ የሚሉትን፣ ሲጨልጥ ነው የሚውለው። ግን እኛ ጋ ሥርዓት አለ። ጨርቅ አጠገብ ግማሽ ብርጭቆ አይቀመጥም። ወዲያው ነው የሚነሳው።"

"ማን ያነሳዋል?"

"እሷ ናታ። እሷ ናት ጠዋትም ማታም ሰብስባ ከመጋረጃው ጀርባ ወስዳ…"

ሁለታችንም ወደ ቁንጫ ዞርን፤ እሷ ጫማዋን ታያለች።

"ትደፊዋለሽ ወይስ ትጠጪዋለሽ?" አለቻት ሐኪሟ፤ ቁጣ የለበትም አነጋገሯ።

"ጭላጩን ብቻ ነው" አለች ቁንጫ። ቆይታ ደግሞ፣ "እንፋሎት ግን ግማሹን ነው የሚተወው።"

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባላል። እኔ የሰው ሸሚዝ እንዳይበላሽ ስጠብቅ ልጃችን ከመጋረጃው ጀርባ ያን ሁሉ ብርጭቆ ስታንጠፈጥፍ ከርማለች።

ሐኪሟ ወንበሯን አስጠግታ አስረዳችኝ። ካፌይን ለትልቅ ሰው መንቂያ ቢሆንም ለዚህች ትንሽ ገላ ብዙ ነው፤ ልቧን ያስሮጣል፣ እንቅልፏን ይነጥቃታል፣ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ደግሞ ክፍል ውስጥ ወይ ይቅበጠበጣል ወይ ይተኛል። በዚህ ዕድሜ ጨርሶ ባትቀምሰው ነው ጥሩው። ቡና ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው፤ ሻይ ውስጥም፣ ኮላ ውስጥም፣ ቸኮሌት ውስጥም አለ። የጣሳው ነገር ከዛሬ ጀምሮ አንድ ጠብታ እንዳይነካት። ቡናውን ግን በአንድ ጊዜ አትቁረጡባት፣ ሰውነቷ ለምዶታል፤ ቀስ እያላችሁ ቀንሱላት። ራሷን ያማታል፣ ትነጫነጫለች፣ ትደክማለች፤ ያልፋል። ቁርስ ትብላ፣ ውኃ ትጠጣ፣ በሰዓቷ ትተኛ።

"ደግሞ አትቆጧት" አለችኝ፣ ያወቀችኝ መሰለኝ። "ለምን እንደምትጠጣው ጠይቋት።"

በሩን ሳንወጣ ጠየቅኳት። "ለምንድን ነው የምትጠጪው?"

"ስለሚጣፍጠኝ" አለች።

መራራና የቀዘቀዘ የሰው ጭላጭ ልጅቷን ጣፈጣት። እሺ አልኩ፤ ሌላ ጥያቄም አልጠየቅኩ።

ቤት እንደገባን ነገሩን ለወንድሜ ነገርኩት። መርፌውን እንደያዘ ቀና አለና "ደህና ናት?" አለ። "ትሆናለች" አልኩት። መልሶ አቀረቀረ። ለእንፋሎት ደግሞ ጣሳውን መንገድ ላይ እንዲጠጣ፣ መንገድ ላይ እንዲጥል ነገርኩት።

"እታለም፣ እኔ ያለ እሱ እኮ ካውያው ላይ ነው የምተኛው።"

"ተኛ፤ ፊትህ ይተኮስልሃል።"

ብርጭቆ የማንሳቱን ሥራ ከልጅቷ ነጥቄ ለራሴ ወሰድኩ። የእሷን ቡና ደግሞ በወተት አድርጌ በትንሽዬ ብርጭቆ እለካላት ጀመር። ብርጭቆው ላይ በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ፣ ቡናው እስከዚያ ነው፣ የቀረው ወተት። ምልክቱን እየደመሰስኩ ዝቅ አደርገዋለሁ። ልብስ ሰፊ ሌላ ምን ያውቃል።

ሐኪሟ ያለችው ሁሉ አንድም ሳይቀር ደረሰ። ራሷን አመማት፤ ግንባሯን መቁረጫው ጠረጴዛ ብረት ላይ አስደግፋ ትቀመጣለች፣ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው። "አትንኪኝ" ትለኛለች፤ ካልነካኋት ደግሞ ታለቅሳለች። አንድ ቀን የእንፋሎትን የተተኮሰ ሱሪ ክምር በእግሯ ደረመሰችው። ከዚያ ጩኸቱ አለፈና መተኛት መጣ። ከትምህርት ቤት መጥታ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ የጨርቅ ጥቅሎቹ ላይ ትተኛለች። ከዚያ ደግሞ መተኛቱም ልክ ልኩን ያዘ፤ በጊዜ እየተኛች በጊዜ መነሳት ጀመረች። የጠመኔው ምልክት ብርጭቆው ሥር ደረሰ፣ ከዚያም ጠፋ።

ከእሱ ጋር ቁንጫም አብራ ጠፋች። የቀረችው የድሮዋ ልጅ ናት፣ መኖሯ የማይታወቀው። ክር ትጠቀልላለች፣ ቁልፍ በየቀለሙ ትለያለች፣ መስኮት ታያለች። ወፍራሙ ሰውዬ ኮቱን ሊለካ መጥቶ፣ እንደ ልማዱ ሆዱን ውጦ ቆመ። ሲወጣ ሦስታችንም ወደ እሷ ዞርን። እሷም አየችን፤ ወንበሯ ላይ ትንሽ ተነሳ አለችና ተመልሳ ተቀመጠች። ወንድሜ ወደ ስፌቱ ተመለሰ።

ቤቱ ውስጥ የመኪናው ድምፅ ብቻ ቀረ። አንድ ቀን አንዲት አዲስ ደንበኛ ገብታ ዙሪያዋን አየችና "ምነው፣ ሰው ሞቶባችኋል እንዴ?" አለች፤ ለጨዋታ ነው።

"አዎ" አልኳት። "ባለፈው ዓመት።"

ሴትዮዋ ደንግጣ ሄደች፤ ጨርቋን እንኳ አልተወችም። እንፋሎት ካውያውን አቆመና "እታለም፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም" አለኝ። "ግን ልጅቷ ጠፍታለች። አባቷንም እይው። ትንሽ ብትቀምስ ምን አለበት?"

"ሥራህን ሥራ" አልኩት። ያልተናገርኩት ግን፣ እኔም አስቤው ነበር። አንዲት ማንኪያ ብቻ፣ ወንድሜ አንድ ጊዜ እንዲስቅ። አስቤው ሳበቃ ምንም አልተሰማኝም፣ ማፈር እንኳ። ፔርሙዙን ዘግቼ መደርደሪያው ጫፍ ላይ ሰቀልኩት።

ትምህርት ቤት ግን ነገሩ ሰመረ። ዳይሬክተሯ ጠርታኝ ደብተሯን አሳየችኝ፤ ፊደሉ መስመሩን ይዟል። "ትቀመጣለች፣ ትሰማለች፣ እጅ ታወጣለች" አለች። "ተርሙ እስኪያልቅ በዚሁ ከቀጠለች ከዚህ የትም አትሄድም።" እግሬ መሬት ሳይነካ ነው መሄድ የነበረብኝ፤ እንደ ሌላው ቀን ተራምጄ ቤት ገባሁ። ልጅቷ ባለችበት ለወንድሜ ነገርኩት።

"ጥሩ ነው" አለ፣ ከጨርቁ ሳይነሳ።

ልጅቷ ፊቱን አየችው። ብዙ ነው ያየችው፤ የሆነ ነገር የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ከዚያ ወደ ክሯ ተመለሰች።

ተርሙ ሊያልቅ ሲል፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ዳይሬክተሯ ደወለች። ልጅቷ እንደገና መቀመጥ አልቻለችም፤ ዛሬ ጭራሽ ጠረጴዛ ላይ ቆማ ሰው ስታስመስል ክፍሉ ተበጥብጧል፤ እጇም ይንቀጠቀጣል። "ነገ አባቷ ይምጣ" አለች። "አንቺ አይደለሽም፣ አባቷ። ነገ እንወስናለን።"

ስልኩን ዘግቼ እንፋሎት ላይ ወረድኩበት። "እኔ? በእናቴ አልሰጠኋትም፤ መንገድ ላይ ነው የምጥለው፣ እንዳልሽኝ" አለ። ፊቱን አይቼ አመንኩት። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ከገባች ቆይታለች፤ ቦርሳዋ አለ፣ እሷ የለችም። ያለቁት ኮቶች የተሰቀሉበት ረጅም ብረት አለ፣ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ያለ። ኮቶቹን ገለጥ አደረግኩ። ከኋላቸው መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ጣሳ በሁለት እጇ ይዛ አንገቷን ቀና አድርጋ ታንጠፈጥፋለች። እግሯ መሬቱን ይደበድባል።

"ከየት አመጣሽው?"

"ከመንገድ። እንፋሎት ከሚጥለው።"

እጇን ይዤ አስነሳኋት። አትቆጧት የተባለው ሁሉ ከራሴ ጠፋ። "እናትሽ ግድግዳ እየተደገፈች ደጅ የጠናችበትን ትምህርት ቤት ልታጪው ነው። ነገ ነው የሚወስኑብሽ። ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ።"

"እያወቅሽ ነው?"

"አዎ።"

"ታዲያ ምን ሆነሽ ነው? እንዳትይኝ ደግሞ ጣፍጦኝ ነው።"

"አይጣፍጥም" አለች። "ያስጠላል። ግን ካልጠጣሁ አባዬን ማሳቅ አልችልም። ሳልጠጣ ሞከርኩ፤ ይደክመኛል። ወፍራሙን ሰውዬ መሆን እንኳ አልመጣልኝ አለ። ዛሬ ትምህርት ቤት ተለማመድኩት፤ መጣልኝ።"

"ቢስቅ ባይስቅ አንቺ ምን አገባሽ? አባትሽ ትልቅ ሰው ነው።"

"እማዬም መጀመሪያ ያቆመችው መሳቅ ነው" አለች። "ከዚያ መብላት አቆመች። ከዚያ ማውራት አቆመች። አባዬ ሦስቱንም አቁሟል።"

እጇን ለቀቅኩት። የመኪናው ድምፅ ቆሟል፤ መቼ እንደቆመ አላውቅም። ኮቶቹ ከወዲያ በኩል ተገለጡና ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ገባ። ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው። ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ልጅቷንም እጇን ስቦ አጠገቡ አስቀመጣት። ጣሳውን ተቀበላትና ራቅ አድርጎ አኖረው።

"እኔ አልታመምኩም" አላት።

"እማዬም እንደዚያ ነበር የምትለው።"

"እሷ እንዳትፈሪ ብላ ነው። እኔ እውነቴን ነው። አልታመምኩም፤ አዝኛለሁ።"

ከለቅሶው ወዲህ ይህን ያህል ቃል አንድ ላይ ሲያወጣ አልሰማሁም። ልጅቷ አላመነችውም። "ታዲያ ድሮ ስትስቅ አላዘንክም ነበር?"

"አዝኜ ነበር። የምስቀው አንቺ ስለምትፈልጊው ነው። ተጫውተሽ ስትጨርሺ ዓይኔን ዓይኔን ታዪኛለሽ፣ ታዲያ እንዳይከፋሽ ብዬ እስቃለሁ። ከአንገት በላይ ነበር።" ሜትሩን ከአንገቱ አወረደው። "አድካሚ ነበር።"

"ለእኔም" አለች። ከዚያ አሰብ አደረገችና፣ "አስቂኝ አልነበረም እንዴ?"

ወንድሜ ውሸት አይሆንለትም፤ ጨርቅህ መናኛ ከሆነ መናኛ ነው ይልሃል። "ሰውዬው አስቂኝ ነበር" አላት። "ሴትዮዋ ግን ትንሽ ትበዛለች።"

"ሴትዮዋን እኔም አልወዳትም" አለች ልጅቷ።

እንፋሎት ከወዲያ ካውያውን ሲያስቀምጥ ሰማሁት። እኔ ኮቶቹን እንደገለጥኩ ቆሜያለሁ፤ መግባትም መሄድም አቃተኝ።

"ነገ ትምህርት ቤት እኔ እወስድሻለሁ" አላት ወንድሜ። "ዳይሬክተሯን እኔ አናግራታለሁ።"

"ምን ትላታለህ?"

"ሐዘን ላይ ነን እላታለሁ።"

ካለፈው ዓመት ወዲህ ለማንም ያላልነው ነገር ነው። እኔ ለደንበኛ፣ ያውም ለማስደንገጥ ካልኩት በቀር፣ በዚያ ቤት ውስጥ ይህን ቃል ያወጣ ሰው የለም።

"እና ካባረሩኝስ?"

"እንደገና ደጅ እጠናለሁ። እናትሽ ስትጠና አይቻታለሁ፤ እችልበታለሁ።"

የጠጣችው ሥራውን እየሠራ ነው፤ ጉልበቷ ከላይ ወደ ታች ይዘላል፣ ጣቶቿ የቀሚሷን ጠርዝ ይፈትላሉ። ብትፈልግ አሁን ተነስታ ሰውዬውንም ሴትዮዋንም መሆን ትችል ነበር።

"አባዬ" አለች። "ዛሬ ባንስቅስ?"

"ይቻላል" አላት። "ነገም ባንስቅ ይቻላል።"

መዳፉን የሚዘልለው ጉልበቷ ላይ ጫነና፣ እስኪበርድላት ድረስ እዚያው ቁጭ ብሎ ጠበቀ።